ትንበያው «ይሞቃል» ሲል ሸለቆው ለምን ይቀዘቅዛል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለመጪው የብርድ ወራት የወጣው ትንበያ አካባቢያችን ‹ከመደበኛው በላይ የመሞቅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው› ይላል። ስለ ዝናብና በረዶ ደግሞ ‹እኩል ዕድል› ብሎ አልፎታል። አምናም ይሞቃል ተብሎ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ውሃው ቧንቧ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቀረ። ከእኛ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተራራው ላይ የሚኖረው ወንድሜ ‹ደግሞ ምን ብርድ አለ?› እያለ ይስቅብኝ ነበር። የተሳሳተው ትንበያው ነው ወይስ እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ? ዘንድሮስ በረዶ ልጠብቅ?»

ትንበያውም ልክ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎም ልክ ነዎት። ወንድምዎም አልዋሸም። ነገሩ የሦስታችሁም ጉዳይ የተለያየ መሆኑ ነው። ትንበያው የሚያወራው ስለ ሰፊ አካባቢ የሦስት ወር አማካይ ነው። እርስዎ የሚያድሩት ግን በአንድ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። ሜዳማ አገር ላይ ይህ ልዩነት ያን ያህል አያስቸግርም። ተራራ ባለበት ግን ዋናው ታሪክ ያለው እዚያው ልዩነት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የወቅት ትንበያ የሚያወጡ ተቋማት የ30 ዓመታት መረጃ ይወስዳሉ። አሁን በብዛት የሚጠቀሙት ከ1991 እስከ 2020 ያለውን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመታቱን ከቀዝቃዛው እስከ ሞቃቱ ይደረድሩና ለሦስት እኩል ይከፍሏቸዋል፦ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዕድል 33 በመቶ ነው። እንግዲህ «50 በመቶ» ማለት የሞቃቱ ዕድል ከ33 ወደ 50 ከፍ ብሏል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ መደበኛው እዚያው 33 አካባቢ ይቆይና የቀዝቃዛው ዕድል ወደ 17 ይወርዳል። 17 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን ከስድስት ዓመት አንዱ ማለት ነው። ያ አንዱ ዓመት ሲመጣ ትንበያው ውሸታም አይባልም፤ ይመጣል ብሎ ነበርና።

ሌላም አለ። 50 በመቶው የሚናገረው ስለ ዕድሉ እንጂ ስለ ሙቀቱ መጠን አይደለም። ወቅቱ ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪ ቢበልጥ እንኳ «ከመደበኛ በላይ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ግማሽ ዲግሪ ደግሞ ማንም ሰው ቆዳው ላይ አያውቃትም።

«እኩል ዕድል» የሚለውንም ብዙዎች «መደበኛ ይሆናል» ብለው ያነቡታል። አይደለም። ባለሙያው «በየትኛውም በኩል የሚያጋድል ነገር አላየሁም» እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ድርቅም ሊመጣ ይችላል፤ ጣሪያ የሚሰብር በረዶም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱም ትንበያውን አይቃወሙም። በእኔ እይታ ትንበያው በቀለም ከሚሣልበት ካርታ ላይ በጣም ሐቀኛው ቀለም ይኸው ነው። ግን ማንም አይወደውም።

ፍንጩ ራሱ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከውቅያኖስ። አየሩ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ምን እንደሚያደርግ በቀን በቀን መናገር አይቻልም። የአየር ጠባይ ሳይንቲስቱ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ መነሻው ላይ ያለች ትንሽ ስህተት እያደገች ሄዳ ትንበያውን ትበላዋለች። ውቅያኖስ ግን ቀርፋፋ ነው። በሐሩር ክልል ያለው ፓስፊክ ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ ወራት ከቆየ ኤልኒኖ፣ በተመሳሳይ ልክ ከቀዘቀዘ ደግሞ ላኒና እንላለን። ይህ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን የንፋስ ጎዳና ይገፋል። ዝናብና በረዶ የሚያመጡት ማዕበሎችም ያንን ጎዳና ተከትለው ይሄዳሉ።

ይገፋል እንጂ አያዝም። ካሊፎርኒያን ይመልከቱ። በ2015–16 ከተመዘገቡት ኃይለኛ ኤልኒኖዎች አንዱ ነበር። ሁሉም ሰው ደቡብ ካሊፎርኒያ በዝናብ ትጥለቀለቃለች ብሎ ጠበቀ። ደረቅ ሆኖ አለፈ። በ2022–23 ደግሞ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ላኒና ነበር፤ ለደቡቡ ክፍል ትንበያው ወደ ድርቀት ያጋደለ ነበር። ከዚያ ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ ከፓስፊክ የሚመጡ የእርጥበት ጅረቶች ተከታትለው ገቡ። በኤፕሪል መጀመሪያ ተራሮቹ ላይ የተከማቸው በረዶ ወደ ውሃ ሲሰላ የአማካዩ 237 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አንድ ወቅት በአምስት ስድስት ማዕበሎች ይወሰናል። የእነዚያን አምስት ስድስት ማዕበሎች መንገድ ከወራት በፊት የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ እርስዎ ሸለቆ እንውረድ።

የወቅት ትንበያ የሚሠሩት የኮምፒውተር ሞዴሎች ምድርን በሳጥን በሳጥን ከፍለው ነው የሚያዩዋት። የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ሲስ-5 የተባለው ሞዴል ለምሳሌ አንዱ ሳጥን ወደ 36 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሸለቆዎ ስፋቱ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ሞዴሉ ውስጥ የለም ማለት ነው። ሸለቆውም ተራራውም ተደምሮ፣ ተካፍሎ፣ አንድ ለስላሳ ጉብታ ሆኗል። እርስዎና ወንድምዎ ሞዴሉ ውስጥ የምትኖሩት አንድ ቤት ነው።

ታዲያ በእውነተኛው መሬት ላይ ሸለቆው የሚቀዘቅዘው እንዴት ነው? ሰማዩ የጠራበት፣ ንፋስ የሌለበት ሌሊት ያስቡ። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። እሷን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ሲከብድ ተዳፋቱን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይንሸራተታል። ሸለቆው ወለል ላይ ሲደርስ መውጫ የለውም። ገበቴ ውስጥ እንደተንቆረቆረ ውሃ እዚያው ይጠራቀማል። ከላይ ያለው አየር ይሞቃል፤ ከታች ያለው ይቀዘቅዛል። በተለምዶ ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ባለሙያዎች ኢንቨርዥን ይሉታል።

በብርድ ወራት ይህ ነገር ይብሳል። ሌሊቱ ረጅም ነው። ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ተራራው ይጋርዳታል። መሬት ላይ ትኩስ በረዶ ካለ ደግሞ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መልሶ ይለቀዋል። ከሥሩ ያለው የመሬት ሙቀትም እንዳይወጣ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ጠዋት ይበተናል የተባለው ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ይቆያል። ቀትር ላይም አልበተን ብሎ ወደ ሚቀጥለው ሌሊት ይሻገራል። እንዲህ እያለ ሳምንትም ሊዘልቅ ይችላል፤ በየሌሊቱ እየጠለቀ።

ምን ያህል ሊቀዘቅዝ እንደሚችል ለማሳየት ሁለት ቦታ ልጥቀስ። በአሜሪካ ዩታ ግዛት ፒተር ሲንክስ የሚባል መውጫ የሌለው ጎድጓዳ ሜዳ አለ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1985 ከዜሮ በታች 56.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቶበታል። እዚያ ዛፎች የሚበቅሉት ከወለሉ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ውርጩ አያበቅልም። ኦስትሪያ ውስጥ ግሩንሎኽ በተባለው ጎድጓዳ ደግሞ በ1932 ከዜሮ በታች 52.6 ተመዝግቧል። ከፍታው ወደ 1,270 ሜትር ብቻ ነው። በዚያው አገር ከ3,100 ሜትር በላይ ጫፍ ላይ የተሠራው የሶንብሊክ ጣቢያ ወደዚያ ቁጥር ተጠግቶ አያውቅም። ብርዱ ያለው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርዎ። ይህ ሁሉ እንዲሆን ንፋስ አልባና ጥርት ያለ ሰማይ ያስፈልጋል። ያንን የሚያመጣው ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። በከፍተኛ ግፊት ሥር አየሩ ከላይ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይሞቃል። የሞቀው አየር የተራራውን ትከሻ አካባቢ ይዞ ይቆምና ለሸለቆው ክዳን ይሆናል። ብዙ ጊዜ «የሞቀ ወቅት» የሚባለው ደግሞ ይኸው ከፍተኛ ግፊት እየመጣ ደጋግሞ የሚያርፍበት ወቅት ነው። ገባዎት? ወቅቱን ከመደበኛ በላይ ሞቃት ብሎ የሚያስመዘግበው ሁኔታ ራሱ ሸለቆውን ሊያቀዘቅዝ ይችላል። አምና የሆነው ይህ ከሆነ ትንበያው የተሳካው ወንድምዎ ጋ ነው። እርስዎ የከፈሉት ዋጋውን ነው።

ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ንጋት ላይ ወንድምዎን ደውለው ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይጠይቁት። በተለመደው ሁኔታ በ600 ሜትር ልዩነት እሱ ጋ ወደ አራት ዲግሪ ገደማ መቀዝቀዝ ነበረበት። እሱ ጋ ከሞቀ ክዳኑ ተገጥሟል። ስልክም ባይኖር የጭስ ማውጫ ይመልከቱ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ የተከለከለ ይመስል ወደ ጎን ይዘረጋል። ያ መስመር ክዳኑ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል፤ ጠዋት ዛፉንና የመኪናውን መስታወት አመዳይ ይሸፍነዋል።

እግረ መንገዴን፦ ጭሱ የማይወጣ ከሆነ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በዲሴምበር 1930 በቤልጂየም የመዝ ወንዝ ሸለቆ የፋብሪካ ጭስ በእንዲህ ዓይነት ክዳን ሥር ታፍኖ ከ60 በላይ ሰው ገደለ። በኦክቶበር 1948 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዶኖራ በምትባል የሸለቆ ከተማ 20 ሰው ሞተ። ክዳኑ በተገጠመበት ሳምንት ውጭ እሳት ማቃጠሉን ቢተዉት፣ አስም ያለበትንም ሰው ከቤት ባያስወጡት ጥሩ ነው።

ክዳኑን የሚያነሳው ንፋስ ወይም አዲስ ማዕበል ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ትንበያው «ነገ ሞቃት አየር ይገባል» ሲል ሰው እፎይ ይላል። ሞቃቱ አየር ግን ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ከላይ ነው። የታችኛው ከባድ ብርድ ከወለሉ ቶሎ አይነቃነቅም። ያኔ ከላይ ዝናብ ሆኖ የወረደው ጠብታ መሬት፣ ዛፍና የመብራት ሽቦ ላይ ሲያርፍ ወዲያው ወደ በረዶነት ይረጋል። መንገዱ መስታወት ይሆናል። ስሎቬኒያ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ 2014 በዚህ ዓይነት ዝናብ ደኗም የኤሌክትሪክ መስመሯም ክፉኛ ተጎድቷል። ከረጅም ብርድ በኋላ የመጀመሪያዋ «ሞቃት» ቀን ለእኔ ከብርዱ ቀናት ሁሉ የምታሰጋው ናት።

በረዶው ላይ እንምጣ። «ከሞቀ በረዶ የለም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ በረዶ ወደ ዝናብ የሚቀየርበት ከፍታ ወደ 150 ሜትር ይወጣል። የሚጎዱት እዚያ መስመር አካባቢ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ አምና በረዶ ያዩት ዘንድሮ ጭቃ ያያሉ። ከመስመሩ በጣም ከፍ ብሎ ያለ ተራራ ግን ከዜሮ በታች ስድስት የነበረው ከዜሮ በታች አምስት ቢሆን ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም አንድ ዲግሪ የሞቀ አየር ወደ 7 በመቶ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። ማዕበሉ ከመጣ የሚጥለው በረዶ ሊበዛ ይችላል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚወስነው የንፋሱ አቅጣጫ ነው። እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ያዘለውን በዚያው በኩል ያራግፋል። ወደ ማዶ የሚሻገረው ደርቆ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ የኦሊምፒክ ተራሮች ምዕራባዊ ፊት በዓመት ወደ 3,500 ሚሊ ሜትር ይዘንብበታል። ከተራሮቹ ማዶ ያለችው ሴክዊም ከተማ ግን የምታገኘው 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

የአልፕስ ተራሮች ይህን በየዓመቱ ያስተምራሉ። የ2013–14 ወቅት በአልፕስ አካባቢ በጣም ለብ ያለ ነበር። ማዕበሎቹ ግን ደጋግመው ከደቡብ መጡ። የደቡቡ ፊት ከፍታ ቦታዎች ቤት የሚቀብር በረዶ ሲያገኙ የሰሜኑ ፊት የበረዶ ያለህ አለ። በጃንዋሪ 2019 ተገለበጠ፦ ከሰሜን ምዕራብ የነፈሰው ንፋስ የኦስትሪያንና በጀርመን የባቫሪያን ተራሮች ቀበራቸው። በሁለቱም ጊዜ ለ«አልፕስ» ተብሎ አንድ ቁጥር ቢሰጥ ለማን ይጠቅማል?

ስለዚህ «ዘንድሮ በረዶ ልጠብቅ?» ለሚለው ከእኔ በፊት እርስዎ የሚመልሱት ጥያቄ አለ። ሸለቆዎ ላይ ትልቁን በረዶ የሚጥለው ከየት በኩል የመጣ ንፋስ ነው? በየአካባቢው የኖሩ ሽማግሌዎች ይህን ከእኛ አሳምረው ያውቁታል። ያንን ካወቁ በኋላ የወቅት ትንበያውን ሲያነቡ ቀለሙን ብቻ አይዩ። ከሥሩ ያለውን ማብራሪያ ያንብቡ፤ «ማዕበሎቹ በዚህ በኩል የማለፍ ዝንባሌ ይኖራቸዋል» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። ለእርስዎ ከመቶኛው ይልቅ የምትጠቅመው እሷ ናት።

የደረቀው ፊት ላይ ከሆኑ ደግሞ ፎን ወይም ቺኑክ የሚባለውን ንፋስ ይወቁት። ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ እየታመቀ ይሞቃል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት ስፒርፊሽ በምትባል ከተማ በጃንዋሪ 22 ቀን 1943 ሙቀቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ወደ 7 ዲግሪ ዘለለ። እንዲህ ዓይነቱ ንፋስ የሳምንት በረዶን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል፤ ጎርፉም አብሮ ይመጣል።

ለዕለት ተዕለቱ አንድ ብልሃት ላቀብልዎ። ብዙ የተራራ አካባቢ ትንበያዎች ዜሮ ዲግሪ የሚገኝበትን ከፍታ ይሰጣሉ። ከዚያ ላይ ከ200 እስከ 300 ሜትር ይቀንሱ፤ በረዶ ሳይቀልጥ የሚደርስበትን ዝቅተኛ ቦታ በግምት ያገኛሉ። ሸለቆዎ ጠባብ ከሆነና አወራረዱ ከባድ ከሆነ መስመሩ ከዚያም ይወርዳል። በረዶው ሲቀልጥ ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል፤ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የሚተካ አየር የለም። እንዲህ ሆኖ «ዝናብ ነው» የተባለው ምሽት ነጭ ሆኖ ሊነጋ ይችላል። ከዝናብ ወደ በረዶ ሲቀየር ለማየት መብራት ሥር ቆመው የጠብታውን አወራረድ ማየት ይበቃል፤ ፍጥነቱ ድንገት ቀነስ ይላል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በተሰጠው ትንበያ መሠረት ከሸለቆው በላይ ያለው ተዳፋት ለብ ያለ ወቅት ሊያይ ይችላል። ወለሉ ላይ ደመናማና ነፋሻ ሌሊቶች ሞቅ ይላሉ። ጥርት ያሉት፣ ንፋስ አልባዎቹ ሌሊቶች ግን እንደ ድሮው ይቀዘቅዛሉ፤ ምናልባትም ይብሳሉ። በረዶው ወለሉ ላይ ለመርጋት ይቸገር ይሆናል። ከፍታው ላይ ግን በማዕበሎቹ መንገድ ይወሰናል፤ «እኩል ዕድል» የተባለውም ለዚህ ነው። ቧንቧውን እንደ አምናው ሁሉ ይሸፍኑት። ካርታው ቀይ ስለሆነ ብለው እንዳይተዉት።

ከወራት በፊት የወጣውን ትንበያ ይዘው ወቅቱን ሙሉ እንዳይሄዱም። በየወሩ ይታደሳል፤ ወቅቱ ሊገባ ሲል የሚወጣው ከቀደሙት ይሻላል። አንዳንዴ ከሰሜን ዋልታ በላይ ያለው የላይኛው አየር በቀናት ውስጥ በድንገት ይሞቅና ብርዱን ዋልታው ላይ አጥሮ የሚይዘውን የንፋስ ቀለበት ይሰብረዋል። በጃንዋሪ 2021 ሆኗል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብርዱ ወደ ደቡብ የመውረድ ዕድሉ ይጨምራል። ከወራት በፊት የወጣ ትንበያ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚሸፍነው ትንበያ ግን ቀድሞ ሊይዘው ይችላል፤ እሱን በየሳምንቱ ይክፈቱት። ለሌሊቱ ብርድ ደግሞ የማግስቱን የደመናና የንፋስ ትንበያ ማየት ይበልጣል፤ «ጥርት ያለ፣ ንፋስ የሌለው» ካለና መሬቱ በረዶ ከለበሰ፣ ስልክዎ ላይ ከሚያዩት ቁጥር ጥቂት ዲግሪ ቀንሰው ይዘጋጁ።